ለጡረታ ደሴን ወይም ኮምቦልቻን ሲመርጡ የቤትና የቦታ ግብርን እንዴት መመዘን ይገባል?

ከጡረታ በኋላ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ለመግባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤቱን ወይም የቦታውን ዋጋ ነው። ቤቱ በእጁ ከገባ በኋላ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ቢጠይቅም የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከሻጩ ወይም ከደላላው አፍ የወጣ ነው። ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ግብሩ፣ የሊዙ (ቦታው ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን የተያዘበት ውል) ዓመታዊ ክፍያና ሌላው የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ግን ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። ደመወዝተኛ ሰው ክፍያ ቢጨምርበት ተጨማሪ ሥራ ሊፈልግ ወይም የደረጃ ዕድገት ሊጠብቅ ይችላል፤ ጡረተኛ ግን ይህ በር ተዘግቶበታል።

የጡረታ አበሉ እንዴት እንደሚሰላ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመንግሥት ሲቪል ሠራተኛ አበል መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ ይታሰባል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያውም 70 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የሚያገኘው የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ነው። ገቢው ወደ ግማሽ በተጠጋ ጊዜ፣ በሥራ ላይ ሳለ ትንሽ መስሎ የታየው ዓመታዊ ክፍያ ትንሽ አይሆንም። ስለዚህ ማናቸውንም ክፍያ ሲመዝኑ ከዓመታዊ አበልዎ ስንት በመቶ እንደሚወስድ እያሰሉ ይሁን፤ የብሩ መጠን ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም።

የአሮጌው ደረሰኝ ነገር

ቤት ለመግዛት ሲሄዱ ሻጩ ያለፉትን ዓመታት የግብር ደረሰኝ አውጥቶ ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ማሳየቱም መልካም ነው፣ ውዝፍ ዕዳ አለመኖሩን ያመለክታልና። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ ያለውን አነስተኛ ቁጥር አይቶ “እዚህ ከተማ ግብር የለም ማለት ይቻላል” ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው። ያ ቁጥር የመነጨው በ1968 ዓ.ም. ከወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ነው። በዚያ አሠራር የቦታ ኪራዩ በካሬ ሜትርና በቦታው ደረጃ፣ የቤቱ ግብር ደግሞ ቤቱ በዓመት ሊከራይ ይችላል ተብሎ በተገመተው ዋጋ ላይ ይሰላ ነበር። ግምቱ በብዙ ከተሞች ለረጅም ዘመን ሳይነካ በመቆየቱ፣ የግብሩ መጠንና የቤቱ ትክክለኛ ዋጋ ፈጽሞ ተራርቀዋል።

ይህ አሠራር እየተለወጠ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2015 ዓ.ም. በጋራ ተሰብስበው የንብረት ታክስ የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ወስነዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአገሪቱ ሁሉ ማዕቀፍ የሚሆን የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። የአዋጁ ዋና ለውጥ ታክሱ የሚሰላበት መሠረት የንብረቱ የገበያ ዋጋ መሆኑ ነው፤ ከገበያ ዋጋው ላይ 25 በመቶው ለስሌት ይወሰዳል፣ በዚያ ላይ ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ባለው ገደብ ውስጥ ምጣኔው ይወሰናል። አምልኮ የሚፈጸምባቸውን ቦታዎችና የመሳሰሉትን አዋጁ ነፃ አድርጓል፤ የግለሰብ መኖሪያ ቤት ግን ባለቤቱ ጡረተኛ በመሆኑ ብቻ ነፃ ይሆናል ብሎ ማቀድ አይገባም።

ለጡረተኛ የዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነው፦ ከተማን ከከተማ ሲያወዳድሩ የሚያወዳድሩት ያለፈውን ደረሰኝ መሆን የለበትም። የሚወዳደረው የቤቱ የገበያ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ፣ በሚቀጥሉት አሥርና ሃያ ዓመታት ወዴት እንደሚሄድ፣ ምጣኔውም ከታችኛው ወደ ላይኛው ጫፍ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የሕንፃው የገበያ ዋጋ 4 ሚሊዮን ብር፣ የመሬት መጠቀሚያ መብቱ ዋጋ ደግሞ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ከሕንፃው 25 በመቶው 1 ሚሊዮን ብር፣ ከመሬቱ 25 በመቶው 300 ሺሕ ብር ይሆናል። ምጣኔው በታችኛው ጫፍ ከሆነ ለሕንፃው 1000 ብር፣ ለመሬቱ 600 ብር፣ በድምሩ በዓመት 1600 ብር ይከፈላል። በላይኛው ጫፍ ከሆነ ለሕንፃው 10,000፣ ለመሬቱ 3000፣ በድምሩ 13,000 ብር ነው። የወር አበሉ 6000 ብር፣ የዓመቱ 72,000 ብር ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ከገቢው 2.2 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው ግን 18 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ያው አንድ ቤት፣ ያው አንድ ሰው ነው። የእርስዎን ቁጥሮች በዚሁ መንገድ አስገብተው በሁለቱም ጫፎች ያሰሉ፤ ቀጥሎም የቤቱ ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ ደግመው ያሰሉ። በላይኛው ጫፍ ሲሰላ ከዓመታዊ አበልዎ ከአሥር አንድ እጁን የሚበልጥ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ቤቱ ለአቅምዎ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ከተማ ከመለወጥዎ በፊት ቤቱን ማሳነስ ይቀድማል።

ነባር ይዞታ፣ ሊዝና ውርስ

ወደ ወሎ ከሚመለሱት ጡረተኞች ብዙዎቹ አዲስ ሰፋሪዎች አይደሉም፤ በልጅነታቸው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ በሥራ ያሳለፉ፣ የወላጆቻቸው ቤት አሁንም ያለላቸው ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ከግብር ምጣኔው በላይ የሚከብደው የይዞታው ዓይነት ነው። ጉዳዩ በደንብ መታየት ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሸጠውና የሚለወጠው በመሬቱ ላይ ያለው ቤትና የመጠቀሚያ መብቱ ነው። በከተማ ይህ መብት በሁለት መልክ ይገኛል፦ ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታና በሊዝ የተያዘ ቦታ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የነባር ይዞታ ቤት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም ሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ደንግጓል። የወላጆቹን ቤት በውርስ የሚቀበል ልጅና ያንን የመሰለ ቤት ከጎረቤት የሚገዛ ባዳ እኩል አይከፍሉም ማለት ነው። ገዢው ከቤቱ ዋጋ ሌላ፣ ለቦታው በሚታሰበው የሊዝ ዋጋ ላይ ውል ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይከፍላል።

እንግዲህ የወላጆች ቤት ካለዎት አስቀድመው የወራሽነት ማስረጃዎን ከፍርድ ቤት ያውጡ፤ ካርታውን በስምዎ ወይም በወራሾቹ የጋራ ስም ያዛውሩ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ነጥብ አለ፦ አንዱ ወራሽ ቤቱን ለብቻው ለመያዝ ሲፈልግ የእህትና የወንድሞቹን ድርሻ በገንዘብ ይገዛል። ይህ ግዢ እንደ ውርስ ይታያል ወይስ እንደ ሽያጭ የሚለው ጥያቄ በሊዝ ክፍያው ላይ ከባድ ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል፣ በቤተሰብ መካከል ገንዘብ ከመሰጣጠቱ በፊት ለከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ያስፈልጋል። የውርስ ክፍፍሉን በስምምነት ጽፎ በፍርድ ቤት ማጸደቅና ድርሻን በግልጽ ሽያጭ መግዛት በቤተሰቡ ዓይን አንድ ቢመስሉም በመዝገብ ላይ አንድ አይደሉም።

ቦታ በሊዝ ጨረታ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ደግሞ የሚከተለውን ይመዝን። የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ 10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው ከነወለዱ በየዓመቱ ይከፈላል። በ60 ዓመት ዕድሜ ጡረታ የወጣ ሰው ይህን ውል ሲፈርም የክፍያው ጊዜ ከእርሱ ዕድሜ ሊያልፍና ወደ ልጆቹ ሊሻገር ይችላል። በተጨማሪ የሊዝ ውል ግንባታው የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ የግንባታ ዕቃ ሲወደድ ሥራው ከተጓተተ ቦታው ሊነጠቅ ይችላል። ለአንድ ጡረተኛ አዲስ የሊዝ ቦታ ወስዶ ከመሠረት መጀመርን አልመክርም፤ ያለቀ፣ ካርታና ፕላን ያለው፣ የግንባታ ፈቃዱ ከተሠራው ቤት ጋር የሚገጥም አነስ ያለ ቤት ይሻለዋል። የሚገዛው ቤት በሊዝ ከሆነ ከሊዙ ስንት ዓመትና ስንት ብር እንደቀረ በማስረጃ ይጠይቅ፤ ቀሪው ዕዳ ወደ እርሱ ይሻገራልና።

በሁለቱም ከተሞች ዳርቻ፣ በተለይ ከተማው ወደ ገጠር ቀበሌ በሚገባበት ቦታ፣ በገበሬ ስም የተመዘገበ መሬት በእጅ ውል ሲሸጥ ይታያል። የዚህ ቦታ ዋጋ ርካሽ ነው፣ ግብሩም እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን የገጠር መሬት በሕግ አይሸጥም። እዚያ ላይ የተሠራ ቤት ጨረቃ ቤት ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። የዕድሜ ልክ ቁጠባ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አይፈስስም።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሁሉ ግን ልዩነታቸውን ያውቀዋል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ሁለቱም የየራሳቸው ከተማ አስተዳደር ስላላቸው የቦታ ደረጃውም፣ የሊዝ መነሻ ዋጋውም፣ የአገልግሎት ክፍያውም ለየብቻ ይወሰናል። የአንዱን ከተማ ቁጥር ይዞ ስለ ሌላው መናገር አይቻልም።

ታክሱ በገበያ ዋጋ ላይ ስለሚሰላ ጥያቄው የየትኛው ከተማ ዋጋ በምን ምክንያት ያድጋል የሚል ይሆናል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡና አየር ማረፊያው ሁሉ መሬት ይፈልጋሉ፣ ሠራተኛም ይስባሉ። መሬቷም በአብዛኛው ሜዳ በመሆኑ ለግንባታ ትመቻለች። እንዲህ ያለ ከተማ ሥራ ሲያገኝ የቤት ዋጋው በፍጥነት ይነሣል፤ ከዋጋው ጋር ታክሱም ይነሣል። ቤቱን ሊሸጥ ላሰበ ሰው ይህ ደስታ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊኖርበት ላሰበ ጡረተኛ ግን ያልሸጠው ትርፍ በየዓመቱ የሚያስከፍለው ዕዳ ይሆንበታል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ለጡረታ የሚመረጠው ከፋብሪካዎቹና ከዋናው አስፋልት ራቅ ያለ፣ ወደ ንግድ ቀጠና ይለወጣል ተብሎ ያልታቀደ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ ማየት ይቻላል፤ ሰፈሩ ለወደፊት ምን ተብሎ እንደተሰየመ ሳያዩ አይግዙ።

በደሴ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ ያለች በመሆኗ ሜዳ ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንደ ፒያሳና አራዳ ባለው መሐል ከተማ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ወደ ተዳፋቱ ሲወጡ ደግሞ ይወርዳል። ግብር ለመቀነስ ብሎ ተዳፋት ላይ መግዛት ግን ብልህነት የሚመስል ጥፋት ሊሆን ይችላል። ደሴ የመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የሚያጠቃት ከተማ ናት፤ በክረምት ተዳፋቱ ላይ ያለ ቤት የድጋፍ ግንብና የጎርፍ ቦይ ይፈልጋል፣ ግንቡም ሲሰነጠቅ ጥገና ይፈልጋል። በግብር በዓመት ሁለት ሺሕ ብር አትርፎ በየጥቂት ዓመቱ ለግንብ መቶ ሺሕ የሚያወጣ ሰው አላተረፈም። ዳገቱም ራሱ ዋጋ አለው፤ በ60 ዓመት የሚወጣ ዳገት በ75 ዓመት ላይወጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ የባጃጅ ሒሳብ በየቀኑ ይከፈላል። በበኩሌ በደሴ ለሚኖር ጡረተኛ ግብሩ ከፍ ቢልም ለዋና መንገድ ቀረብ ያለና መሬቱ ረጋ ያለ ጠባብ ግቢ እመርጣለሁ።

ሕክምናም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የደሴ ሆስፒታል የአካባቢው ትልቅ የሪፈራል ተቋም ነው፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ቅርብ ነው። የሚያዘወትሩት ሐኪም ደሴ ከሆነ፣ በኮምቦልቻ የሚኖር ሰው የሐረጎን መንገድ መመላለሻ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከፍል ይደምር። በሌላ በኩል የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው የደሴ ብርድና ጉም ሊያስቸግረው ይችላል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ2000 ሜትር በታች በመሆኗ ወባን ማሰብ ያስፈልጋል። ከሁለቱም ጸጥ ያለ የሚፈልጉ ሐይቅንና ኩታበርን ያያሉ፤ የቦታ ዋጋቸው ዝቅ ስለሚል ታክሱም ዝቅ እንደሚል ይጠበቃል፤ ለሐኪምና ለባንክ ግን ወደ ደሴ መመላለስ አለ።

ክፍል ማከራየት

ግብሩን ለመሸፈን ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወይም ለፋብሪካ ሠራተኞች ማከራየት ብዙዎች የሚከተሉት መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያዋጣል። ሲያሰሉ ግን ሁለት ነገር እንዳይረሱ። አንደኛ፣ ተጨማሪው ቤት የሕንፃውን ዋጋ ስለሚያሳድግ ንብረት ታክሱን ይጨምራል፤ ያለ ግንባታ ፈቃድ ከተሠራ ደግሞ ቅጣት አለው። ሁለተኛ፣ የኪራይ ገቢ ግብር ከንብረት ታክሱ የተለየ ነው፤ የአንዱ መከፈል ሌላውን አያስቀርም። የጡረታ አበል የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ የኪራይ ገቢ ግን ጡረተኛ ቢያገኘውም ይከፈልበታል። ለመንገድ የወጣ ሱቅ መክፈት ከዚህም የበለጠ ያስከፍላል፤ ግቢው ከመኖሪያ ወደ ድርጅት አገልግሎት ሊለወጥ ይችላልና።

ከመፈረም በፊትና በኋላ

ወደ ውል ከመሄድዎ በፊት በሁለት ቢሮ ይለፉ። በገቢዎች ጽሕፈት ቤት የቤቱ ግብር እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደተከፈለ፣ ውዝፍና መቀጫ ካለ፣ የቦታው ደረጃ ስንተኛ እንደሆነ፣ በሥራ ላይ ያለው ምጣኔ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። በመሬት ጽሕፈት ቤት ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ስም ሲዛወር የሊዝ ውል ይጠየቃል ወይ፣ ዕዳና እገዳ አለበት ወይ፣ በካርታው ላይ ያለው ስፋት በመሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ የሚለውን ያጣሩ። በሊዝ የሚከፍል ሰው የንብረት ታክሱ የመሬት ክፍል እንዴት እንደሚታሰብበትም በዚሁ አጋጣሚ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይጠይቃል፤ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት አይበቃም።

የሚቻል ከሆነ ቤቱን ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ሰፈር አንድ ክረምትና አንድ በልግ ተከራይተው ይኑሩ። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ለጥበቃና ለመንገድ ከሰፈሩ ሰው ስንት እንደሚዋጣ፣ የቅሬው (በወሎ እድር የሚባለው) መግቢያና ወርኃዊ መዋጮ ስንት እንደሆነ ጎረቤት ይነግርዎታል። እነዚህ ክፍያዎች በሕግ ግብር አይባሉም፤ ከአበልዎ ላይ ሲቀነሱ ግን ከግብር አይለዩም።

ቤቱ በስምዎ ከሆነ በኋላ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር ያስታውሱና ግብሩን መቀጫ ከመጀመሩ በፊት ይክፈሉ፤ ገንዘቡን ከየወሩ አበል ጥቂት በጥቂት እየለዩ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ማስቀመጥ በሐምሌ ከመቸገር ያድናል። የገማች ቡድን ሲመጣ እርስዎ ራስዎ ወይም የሚያምኑት ልጅዎ በቦታው ይገኙ፤ የቤቱ ዕድሜ፣ የተሠራበት ቁሳቁስ፣ ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ የፈረሰውና የተጎዳው ክፍል በትክክል መመዝገቡን ይዩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጉዳት ደርሶበት ሙሉ በሙሉ ያልተጠገነ ቤት እንደ ደህና ቤት እንዳይገመት ፎቶግራፍና የቀበሌ ማስረጃ ይዘው ያቅርቡ። ግምቱ በዛ ካሉ የግምቱን ማስታወቂያ ቀኑ ያለበት ሆኖ በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ቅሬታዎንም በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ አስገብተው የገቢ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያስቀሩ።